በኢብሳ ስም የሮጥኩባቸው ዓመታት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልተናገርኩም። ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። እሳቸው የሚያውቁኝ በክርስትና ስሜ ነው፤ በዓለም ስሜ ማን እንደምባል ጠይቀውኝ አያውቁም፣ እኔም ባለመጠየቃቸው ደስ እያለኝ ዝም አልኩ። ጾም መሻሬን ነግሬያቸዋለሁ። በንዴት ሰው መሳደቤን፣ አንዴም ዳሬሰላም ውስጥ ያደረግኩትን አሳፋሪ ነገር ነግሬያቸዋለሁ። ስግደት አዘዙኝ፣ ሰገድኩ። ይህን ግን ለብቻዬ ይዤው ቀረሁ።

አሁን ለእናንተ ልናገር ነው። ስለማታውቁኝ ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም። ይህችን ገጽ ለመጀመር ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጬ አሁን ሰባት ሰዓት ሆኗል።

እኔ ታምራት ክፍሌ ነኝ። የጭሮ ልጅ ነኝ፤ አባቴ እስኪሞት ድረስ አሰበ ተፈሪ እያለ የሚጠራት ጭሮ። ኳስ የምትወዱ ሰዎች ግን በዚህ ስም አታውቁኝም። ካወቃችሁኝ የምታውቁኝ ኢብሳ ሙሜ ብላችሁ ነው። ስምንት ቁጥር የሚለብሰው አማካይ፣ ድሬዳዋ፣ አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ጅማ የተጫወተው፣ ከዚያ ካርቱም፣ ዳሬሰላም፣ ኦማን ሰላላ ድረስ የሄደው። ጋዜጠኞቹ "ብዙ አገር የዞረው ልምድ ያለው አማካይ" ሲሉ የሰማችሁት። ያ ሰው እኔ ነኝ፣ ስሙ ግን የእኔ አይደለም። ኢብሳ ሙሜ ሌላ ሰው ነው፤ በሕይወት አለ፤ የሚኖረው በደሳ ነው። ስሙን የሰረቅኩት እኔ ነኝ። ተሳስቼ አይደለም፣ ሰው ገፋፍቶኝም አይደለም። ሰረቅኩት።

ኢብሳ ዘጠነኛ ክፍል ሊማር ከበደሳ ጭሮ መጥቶ፣ ከእኛ ቤት ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። አባቱ ሙሜ የሞተው እሱ ገና በእናቱ ጀርባ ሳለ ነው። ፎቶ እንኳ አልነበራቸውም። "ከአባቴ የቀረኝ ስሙ ነው" ብሎኝ ያውቃል፣ እንደ ቀልድ፣ ታኬታውን እያሰረ። ያኔ ሰምቼ አለፍኩት። አሁን ግን በቀን ስንት ጊዜ እንደምሰማው እኔ ነኝ የማውቀው።

ሁለታችንም ለትምህርት ቤቱ ቡድን መሀል ሜዳ እንጫወት ነበር። እኔ እሮጥ ነበር፤ እሱ ያይ ነበር። የጭሮን ሜዳ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሜዳው ያዘነብላል፣ ያመለጠ ኳስ አስፋልቱን አቋርጦ የጫት መኪኖች ሥር ነው የሚገኘው። ሁላችንም ኳሷን ስናሳድድ ኢብሳ የምትንከባለልበት ቦታ ቀድሞ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። አይሮጥም፣ አይጮህም። ኳሷን ተቀብሎ ሰው ያለበት ቦታ ሳይሆን ሰው የሚደርስበት ቦታ ይሰዳታል። ከእኔ እንደሚበልጥ አውቅ ነበር። ይህን ያላወቀ የለም፤ ሜዳው ዳር ጫት የሚሸጡት ሴቶች እንኳ ያውቁ ነበር። ታዲያ እጠላው ነበር? አልጠላውም። ብጠላው ኖሮ ይህ ነገር ትንሽ ይገባኝ ነበር።

የታዳጊ ቡድን የሚያቋቁም አንድ አሰልጣኝ ከድሬዳዋ የመጣው በቡና ለቀማ ወራት ነው። የሚፈልገው ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች የሆኑትን ነበር። ኢብሳ አሥራ ስድስት ነበር። እኔ ሁለት ክፍል ደግሜ ሃያ ልገባ ነው። ኢብሳ ግን ቡና ለቀማ ሊረዳ ወደ አገሩ ሄዶ በወባ ወድቆ፣ ጨዋታው ላይ አልነበረም። የስፖርት መምህራችን "አንድ ልጅ አለ፣ ሳታየው እንዳትሄድ" ብሎ አሰልጣኙን ለመነው። አሰልጣኙም መምህራችንን ያምነው ነበርና "በእናንተ ቃል እመዘግበዋለሁ፤ የስምንተኛ ክፍል ካርዱን በሦስት ቀን አምጡልኝ፣ እሱ ሲሻለው ይመጣል" አለ። እኔን ደግሞ ወደ ጎን ጠርቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "አንተ ሳንባ አለህ። ግን ዕድሜህ አልፏል። ሌላ ወረቀት ካገኘህ ና፤ ከየት አመጣኸው ብዬ አልጠይቅህም" አለኝ።

ካርዱን ለማምጣት የተላክሁት እኔ ነኝ። ጓደኛው ነኛ፤ ሌላ ማን ይላካል?

በደሳ ስደርስ ኢብሳ ሦስት ብርድ ልብስ ደርቦ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዜናውን ስነግረው ለመቀመጥ ሞከረ፣ አልቻለም፣ ተኝቶ ሳቀ። እናቱ፣ አዮ የምላት እናቱ፣ ከቆርቆሮ ሳጥኗ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለውን ካርድ አወጣች። በአማርኛ እምብዛም አልነበረችም፤ ነገር ግን ያን ቀን ያለችኝን አንድም ቃል አልረሳሁም።

"ታምራት፣ ልጄ፣ አንተ ወንድሙ ነህ። ይሄ አማና ነው። ከእኔ እጅ ወደ አንተ፣ ከአንተ እጅ ወደ አሰልጣኙ። ሌላ እጅ አይገባም፣ እሺ?"

"እሺ አዮ" አልኩ።

አማና ማለት አደራ ነው፤ ግን ሐረርጌ ያደገ ሰው እንደሚያውቀው ከአደራም ይከብዳል፤ አላህ ቆሞ የሚያየው አደራ ነው። እኔ ክርስቲያን ነኝ ብዬ አይቀልልኝም። ቃሉን ገብቶኝ ነው የተቀበልኩት።

ኢብሳ እጄን ይዞ "ሁለት ሳምንት በለው። ሁለት ሳምንት ብቻ። እስከዚያ ቦታዬን ያዝልኝ" አለኝ። እጁ እንደ ምጣድ ይፋጅ ነበር።

ወደ ጭሮ የተመለስኩት ቡና በጫነ አይሱዙ ላይ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። ካርዱ በሸሚዜ ውስጥ ደረቴ ላይ ነበር። ሐሳቡ የቱ ጋ እንደገባብኝ አላውቅም። በደሳን ስንወጣ አልነበረም። ጭሮ ስንገባ ነበር። መሀል ላይ የሆነ ቦታ፣ አንድ ዳገት ላይ ወይም አንድ መታጠፊያ ላይ፣ ከአንድ ሰው ወደ ሌላ ሰው ተቀየርኩ፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሰዎች ምንም አላዩም። ስለ ዋንጫ ማሰቤን አስታውሳለሁ። ሃያ ዓመት ሞልቶኝ ከአባቴ ስፌት መኪና ጎን ቁልፍ ስተክል ማሰቤን አስታውሳለሁ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ኳሱ ካልሆነልኝ የሚጠብቀኝ ያ ወንበር ነው። ያ ወንበር ምን ነበረበት? ምንም አልነበረበትም። የተከበረ ወንበር ነበር።

አሰልጣኙ የሚፈልገው ፎቶኮፒ ነበር። መናኸሪያው አጠገብ ፎቶኮፒ ቤት ገባሁ። ልጅቷ ካርዱን አስገብታ ወረቀቱን ስታወጣ ጽሑፉ በደንብ ወጥቷል፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ በደሳ የሚለው ሁሉ ይነበባል። ፎቶው ግን ጠቁሮ ነበር። አፍንጫ የለው፣ ዓይን የለው፣ የማንም ፊት ሊሆን ይችላል።

"ፊቱ አልወጣም፣ ልድገመው?" አለችኝ።

"ይበቃል" አልኩ።

ያደረግኩት ይህን ነው። ሰው ገድዬ ቢሆን ኖሮ ቢላውን ያነሳሁበት ቅጽበት ይህ ነበር ብዬ አሳያችሁ ነበር። እኔ ያለሁት ይበቃል ብቻ ነው። በቀን ብርሃን፣ ሰው በሞላበት ሱቅ፣ ድምፄን ሳልቀንስ።

ለመምህራችን "ቤተሰቡ አንለቅም አሉ" አልኩት። አዘነ፤ አመነኝ። ለኢብሳ፣ ካርድህን ለአሰልጣኙ ሰጥቼዋለሁ፣ እስኪጠራህ ጠብቅ ብዬ በሾፌር ላክሁበት። እኔ ደግሞ ለአባቴ ሥራ ላፈላልግ ብዬ ድሬዳዋ ወረድኩ። ከመመዝገቤ በፊት አንድ የቀረኝ ነገር ነበር። አንገቴ ላይ እናቴ ከመሞቷ በፊት ያሰረችልኝ ማተብ ነበረ። ኢብሳ ሙሜ የሚል ወረቀት ይዞ ማተብ ያሰረ ሰው መዝጋቢው ፊት ቢቆም ምን ይባላል? ከአንድ ግንብ ጀርባ ቆሜ በጥርሴ በጠስኩት። አሰልጣኙ ቃሉን ጠብቆ፣ ከየት አመጣኸው ሳይለኝ አስመዘገበኝ። ዋናውን የኢብሳን ካርድ ደግሞ ቀዳድጄ ሽንት ቤት ጣልኩት። ለዚህ ነው ዛሬ መመለስ ብፈልግ እንኳ የምመልሰው ወረቀት የሌለኝ።

በዚያን ዘመን ዕድሜውን ያልቀነሰ ተጫዋች አልነበረም ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ካምፕ ውስጥ ጢሙን በቀን ሁለት ጊዜ የሚላጭ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረን። እነሱ ግን ከራሳቸው ስም ላይ ነው ዓመት የቀነሱት። እኔ የቀነስኩት ከሰው ነው።

ስለ ሥጋው ልንገራችሁ፤ ትስቁ ይሆናል። በካምፑ የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ለየብቻ ይሠራ ነበር። ወጥ ቤቷ ሴት ስሜን ሰምታ የሙስሊሞቹን ሰሃን ትሰጠኛለች። ያንን እንዳልበላ ያደግኩበት ነገር ይዞኛል፣ የክርስቲያኖቹን እንዳልበላ ስሜ ይዞኛል። "ሥጋ አይስማማኝም" አልኩ። ዓመታት ሙሉ ሽሮ እየበላሁ ዘጠና ደቂቃ ሮጥኩ። በረመዳን ለፍጡር፣ ለጾም መፍቻው፣ ስንቀመጥ ልጆቹ ቴምሩን አስቀድመው ለእኔ ይሰጡኝ ነበር፤ አንተ ብዙ ትሮጣለህ፣ ደክሞሃል እያሉ። እኔ ቀን ተደብቄ ውኃ ጠጥቻለሁ። ቴምሩን ግን ተቀብዬ በላሁ። ያንን ደግነታቸውን የምከፍልበት መንገድ አላገኘሁም።

አሁን ወደ ከፋው ልምጣ። እስካሁን ያለው የከፋ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል።

ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ከልምምድ ወጥተን ምሳ ልንበላ ስንል ጥበቃው "የሐረርጌ ልጅ ጥሩልኝ የሚል እንግዳ አለ" አለኝ። ወጣሁ። በር ላይ ኢብሳ ቆሟል። ወፍሯል፣ ድኗል፣ ትልቅ ሰው ሆኗል። ሲያየኝ ፊቱ በራ።

"አካም ጅርታ፣ ታምሬ!" ብሎ አቀፈኝ። "ድሬዳዋ መሆንህን አባትህ ናቸው የነገሩኝ። ተመስገን፣ አንተን አገኘሁ!"

ቃል በቃል የሆነውን ነው የምነግራችሁ። የመጣው ሊከሰኝ አልነበረም። እርዳታዬን ፈልጎ ነው የመጣው። ጭሮ ላይ ለሌላ ቡድን ሊመዘገብ ሲሄድ "ኢብሳ ሙሜ የሚባል የበደሳ ልጅ ድሬዳዋ ተመዝግቦ እየተጫወተ ነው፣ አንተ ማነህ?" ብለውታል። ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ አጽፎ፣ መኪና ለምኖ መጣ።

"አንድ ሌባ በስሜ ገብቷል፤ እዚሁ ቡድን ውስጥ ነው አሉኝ" አለኝ። "አንተ ሁሉንም ታውቃቸዋለህ። አሳየኝ። አልጣላውም ወላሂ። ስሜን ይመልስልኝ ብቻ።"

ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። እውነት እላችኋለሁ፣ ከፍቼ ነበር። በዚያው ቅጽበት የቡድን መሪው ከኋላዬ መጣና "ኢብሳ! ምንድን ነው የሚፈልገው ይሄ ልጅ?" አለኝ።

ኢብሳ "እኔን ነው?" ብሎ ወደ እሱ ዞረ። ከዚያ ሰውዬው የሚያየው እኔን መሆኑን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም፤ ትንሽ ቆየ፤ ለማጥፋት ምክንያት ገና አላገኘም ነበር።

የቡድን መሪው "ታውቀዋለህ?" አለኝ።

"አላውቀውም" አልኩ።

"ታምራት" አለኝ ኢብሳ። ቀስ ብሎ ነው ያለው። "አዮ የሰጠችህ ካርድ..."

"ታምራት የሚባል ሰው አላውቅም። ይህ ልጅ በስሜ ሊነግድ የመጣ ነው" አልኩ።

በአንድ ትንፋሽ እሱንም ራሴንም ካድኩ። ኢብሳ አልጮኸም፣ አልሰደበኝም። ቢመታኝ እንዴት ደስ ባለኝ። ደብዳቤውን ወደ ሰውዬው ዘረጋ፤ ሰውዬው ሳያነብ ለጥበቃው ሰጠው፤ ጥበቃው ፖሊስ ጠራ። በተጭበረበረ ሰነድ ተብሎ አምስት ቀን ታሰረ። አዮ በጫት መኪና መጥታ ዋስ ፈልጋ አስፈታችው። ድሬዳዋ መጥታ እኔ ዘንድ ግን አልመጣችም። መጥታ ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር ብዬ ዛሬም አስባለሁ። ካምፑን ታውቀው ነበር፣ በሩ ላይ አልፋለች። አንዴ እንኳ አላንኳኳችም።

ያን ቀን ምሳ በላሁ። ይህንንም ልንገራችሁ፣ በላሁ። በሚቀጥለው ጨዋታ ደግሞ ጎል አገባሁ፤ ሕዝቡ ኢብሳ፣ ኢብሳ እያለ ጮኸ።

ከዚያ በኋላ ያለው የምታውቁት ነው፤ ከቡድን ቡድን፣ ከአገር አገር። ሌላው ተጫዋች ለተሻለ ነገር ይዘዋወራል። እኔ አንድ ቦታ ሁለት ዓመት ስቆይ መታወቅ እጀምራለሁ፣ ስታወቅ ፍርሃት ይይዘኛል፣ እለቃለሁ። ለሐረርጌ የቀረበ ቡድን ሲጠራኝ ሰበብ ፈጥሬ እቀራለሁ። ካርቱም የሄድኩት ኳስ ወድጄ ይመስላችኋል? ካርቱም ውስጥ በደሳን የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ነው።

አባቴ የሰማው በሬዲዮ ነው። ከእሱ ደብቄው ነበር፤ ግን ጓደኞቼ አንድ ቀን ሱቁ ገብተው "ጋሽ ክፍሌ፣ ይሄ ኢብሳ የሚሉት የእርስዎ ታምራት ነው እኮ" አሉት። ለበዓል ስመጣ ስፌት መኪናውን አቁሞ አየኝ። "ምን ያጎደልኩብህ ነገር አለ?" አለኝ። ከዚያ ወዲያ ጨዋታ ባለ ቁጥር ሬዲዮውን ይከፍትና ሥራውን ይሠራል። ደንበኛ "ልጅህ ታምራት የት ደረሰ?" ሲለው "ደህና ነው፣ ሩቅ ነው" ይል ነበር። በልጁ እንዳይኮራ አደረግኩት። የሞተው እኔ ካርቱም ሳለሁ ነው፤ ቀብሩ ላይ አልደረስኩም። ይህ ብቻ ቢሆን ስንት ልጅ አልደረሰም ባልኩ ነበር። ግን አንድ ጋዜጠኛ የሐዘኑን ወሬ ሰምቶ ሲጠይቀኝ "አሳዳጊዬ ነበሩ" አልኩ። ሚስቴንም ሳገባ ያልኳት ያንኑ ነው፤ ሙሜ ወላጅ አባቴ፣ ክፍሌ ያሳደገኝ ክርስቲያን፣ በእሱ ቤት ተጠምቄ። ውሸቱ ሁሉንም ነገር ይገጥም ነበር። ማተቤን መልሼ ለማሰር እንኳ ተመቸኝ። ወላጅ አባቴን አሳዳጊ አደረግኩት፣ የማላውቀውን የኢብሳን አባት ወላጄ አደረግኩት። ሁለት ሙታንን ከቦታቸው ያፈናቀልኩ ሰው ነኝ።

ስለ ኢብሳ የምሰማው ከሾፌሮች ነበር። አንዱ የጭሮ ሾፌር አዳማ ላይ አግኝቶኝ፣ ማንነቴን ሳያውቅ፣ ሊያስቀኝ ብሎ አወራኝ። "በደሳ አንድ ሞኝ አለልህ፤ ኢብሳ ሙሜ እኔ ነኝ ብሎ ድሬዳዋ ድረስ ሄዶ ታሰረ። ኢብሳ ሶባ ነው የሚሉት" አለኝ። ሶባ በኦሮምኛ ውሸት ማለት ነው። በገዛ አገሩ፣ በገዛ ስሙ፣ ውሸታሙ ኢብሳ ተባለ። ገበያ ሲወጣ ሕፃናት ይጠሩታል። እናቱ ያንን እየሰማች ሞተች። ሾፌሩ ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅኩ።

ኳሱን ካቆምኩ ወዲህ ቤተሰቤን ይዤ ጭሮ ተመልሻለሁ። መሸሽ ደክሞኝ ነው። ሰፈርተኛው ታምራት ሲለኝ ሚስቴ ያሳደገኝ ሰው ያወጣልኝ ስም ይመስላታል። ባለፈው ወር ልጄ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ቅጽ ይዛ መጣች። ስሟን ጻፈች፣ ኢብሳ ብላ ጻፈች፣ ከዚያ የአያት ስም የሚለው ላይ እስክሪብቶዋን አንስታ "አባዬ፣ ሙሜ እንዴት ያለ ሰው ነበር?" አለችኝ። ምን ልበላት? አላውቀውም። የማላውቀውን ሰው አያትሽ ብዬ ሰጥቻታለሁ። የሚያውቃትን፣ በሱቁ ቁራጭ ጨርቅ ቀሚስ የሰፋላትን ሰው ነጥቄያታለሁ። "ደግ ሰው ነበር" አልኳት። ጻፈችው። ያን ጊዜ ነው ይህ ነገር ከእኔ ጋር እንደማይሞት የገባኝ፤ ገና ልጆቿ ላይ ይሄዳል።

በዚያው ሳምንት ከበደሳ ጥሪ መጣ። የወጣቶች ውድድር ይከፈታል፣ የበደሳ ልጅ ኢብሳ ሙሜ የክብር እንግዳ ይሁንልን የሚል። ወረቀቴ ላይ የትውልድ ቦታዬ በደሳ ነዋ። እሄዳለሁ አልኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልፈራ። ማይክ ይሰጡኛል፣ ሕዝቡ ይሰማል፣ እዚያው ስሙን በወሰድኩበት አገር እመልሳለሁ ብዬ ወሰንኩ። ሦስት አረፍተ ነገር አዘጋጀሁ። እኔ ታምራት ክፍሌ ነኝ። ኢብሳ ሙሜ እዚህ የሚኖረው ሰው ነው። ስሙን የሰረቅኩት እኔ ነኝ። በመንገድ ሁሉ ደጋገምኳቸው። እንኳን አዋቂ ሕፃን የሚይዛቸው ሦስት አረፍተ ነገሮች ናቸው።

ስደርስ ገና ሜዳው እየተዘጋጀ ነበር። አንድ ሰው አጎንብሶ የጎን መስመሩን በኖራ እያሰመረ ነበር። ክንዱ እስከ ክርኑ ነጭ ሆኗል፤ ገመድ አልዘረጋም፤ መስመሩ ግን አልተጣመመም። ፊቱን ሳላይ አወቅኩት። ቀና አለና አየኝ፣ ከዚያ ወደ መስመሩ ተመለሰ።

ማይኩ ተሰጠኝ። አስተዋዋቂው "ልጃችን ኢብሳ ሙሜ!" አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ተነሡ። ኢብሳ የኖራውን ባልዲ ይዞ በማዕዘኑ ባንዲራ አጠገብ ቆሟል። አየሁት። አፌን ከፈትኩ። "ወደ ተወለድኩበት አገር በመምጣቴ ደስ ብሎኛል" አልኩ።

እንዴት? እኔም እጠይቃለሁ፣ እንዴት? ሦስቱ አረፍተ ነገሮች የት ሄዱ? ሕዝቡ ፊት ላይ ደስታ አየሁ፤ እኔን በማየታቸው የመጣ ደስታ ነበር፤ ያንን ማጣት አቃተኝ። አርባ ዓመት ያለፈኝ ሰው ነኝ፣ ከዚህ ወዲያ ምን እንዳላጣ ነው የምፈራው? ሁለተኛ ካድኩት፤ ያውም በዚህኛው ጊዜ ማንም "ታውቀዋለህ?" ብሎ ሳይጠይቀኝ።

ጨዋታው ሲያልቅ፣ ቢያንስ ለእሱ ብቻ ልናገር ብዬ በመስመሩ በኩል ወደ እሱ ሄድኩ። አሥር እርምጃ ሲቀረኝ ቆምኩ። በዓይኑ አየኝ፤ የሚጠብቀኝ መሰለኝ፤ ጠብቆኝም ይሆናል። እኔ ዞሬ ወደ መኪናው መሄድ ጀመርኩ።

ከኋላዬ ድምፁ መጣ።

"ኦቦ ኢብሳ!"

ዞርኩ። "አቤት" አልኩ።

ወዲያው ነው ያልኩት፤ ሳላስብ፣ ሰው ስሙን ሲጠሩት እንደሚል። ኢብሳ በኖራ የነጣ እጁን በሱሪው እየጠረገ አየኝ። ፊቱ ላይ ቁጣ ፈለግኩ፤ አጣሁ።

"ምንም አይደለም" አለኝ። አብሮኝ ያደገው፣ ታምሬ ይለኝ የነበረው ኢብሳ አንቱ እያለኝ። "ይመልሱ እንደሆነ ለማየት ነው የጠራሁዎት። በሰላም ይግቡ።"

ባልዲውን አንሥቶ ሄደ።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ እናንተን አልበደልኩም። አምላኬንም ገና አልለመንኩትም፤ በየትኛው አፌ? ወጣት ነበርኩ አልልም፣ ድሃ ነበርኩ አልልም፣ አሰልጣኙ አሳሳተኝ አልልም። ካርዱን ስቀበል ወጣት ነበርኩ፤ ባለፈው ሳምንት ግን ወጣት አልነበርኩም። በደሳ ሜዳ ላይ ከኋላዬ የቆመ የቡድን መሪ አልነበረም፣ ፖሊስ አልነበረም፣ የሚነጥቀኝ ማሊያ አልነበረም። ሰውየው ራሱ በገዛ ስሙ ጠራኝ፤ እምቢ፣ ያንተ ነው እንድለው። ማንም አላስገደደኝም። አቤት ያልኩት እኔ ነኝ።